ተስፋ ሳይቆረጥ ልብ ሲዝል



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ነው። ግሡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እንግሊዝኛ ያልተማሩ እናቶቻችን እንኳ ከልጆቻቸው አፍ ሰምተውታል። ተማሪው የፈተና ወረቀቱ ተመልሶለት ውጤቱን ሲያይ «ዲስከሬጅ አደረገኝ» ይላል። ሱቅ ልትከፍት ያሰበች ሴት ዘመዶቿን አማክራ ስትወጣ «ሁሉም ዲስከሬጅ ነው የሚያደርገኝ» ትላለች። አሰልጣኙ በራዲዮ ቀርቦ «ልጆቹ የመጀመሪያዋ ጎል ከገባችባቸው በኋላ ዲስከሬጅ ሆኑ» ይላል። ቃሉ ከእኛው ጋር ውሎ ያድራል። ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቅ ግን፣ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከተማሪም ከመምህርም የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው፤ «ተስፋ ማስቆረጥ» ይሉኛል። መዝገበ ቃላቱም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ይፈታዋል።

እኔ ይህ ፍቺ ልክ አይደለም እላለሁ። ነገሩ በቃላት መፈላሰፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ምሽት እዚህ ድረስ አላደክማችሁም ነበር። ሁለቱን አንድ አድርገን በማየታችን ልጅ ስንጎዳ ስላየሁ ነው፤ ከጎዱትም አንዱ እኔ ነኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። ስለዚህ ዝቅተኛ ክፍሎችን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ፣ የሚያውቀው ባዮሎጂና የሚያውቀው ታሪክ ሌላ ልብስ ለብሰው ይጠብቁታል። ከእነዚህ ልጆች አንዱ እኔ ክፍል መጣ። ከከተማው ራቅ ካለ ትምህርት ቤት የተዛወረ፣ ፊት ለፊት የሚቀመጥ፣ ሰኔም መስከረምም የማይቀየር አረንጓዴ ሹራብ የሚለብስ ልጅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አንቀጽ እንዲያነብ አስነሣሁት። ደኅና እያነበበ ሄዶ «አይላንድ» የሚባለው ቃል ላይ ሲደርስ፣ ፊደሉን አምኖ «ኢስላንድ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ሳቁን አላስቆምኩም። «ቁጭ በል» አልኩትና ንባቡን ለሚቀጥለው ልጅ ሰጠሁ። ደወሉ ሊደወል ነበር፤ ምዕራፉን መጨረስ ነበረብኝ፤ በዚያን ሰዓት ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጁ እጅ አልወጣም። ስጠይቀው ቀና አይልም። እኔም ለባልደረቦቼ «ያ ልጅ ተስፋ ቆርጧል» አልኩ። ተስፋ የቆረጠ ልጅ ደግሞ ምን እንደሚደረግ እናውቃለን፤ አንነካውም። ጊዜያችንን ተስፋ ላለው እንሰጣለን።

በኅዳር ወር ደብተር ሰብስቤ ሳርም የእሱ ደብተር እጄ ገባ። ኅዳጉ በቀይ እስክሪብቶ ተሠምሯል። የቤት ሥራው አንድም ሳይቀር ተሠርቷል። በመጨረሻው ገጽ ላይ «አይላንድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ተጽፏል፤ በእያንዳንዱ ሥር አነባበቡ በፊደላችን ሰፍሯል። የማትነበበዋን «ኤስ» የምትባል ፊደል በሁሉም ላይ በቀይ ከቧታል። እኔ ክፍል ውስጥ ያላስረዳሁትን ነገር ልጁ ቤቱ ገብቶ ለብቻው ፈልጎ አግኝቶታል።

ተስፋ የቆረጠ ሰው ፊደል አይከብም። ልጁ ትምህርቱ እንደሚያዋጣው ያምናል፣ ቃሉ እንደሚለመድ ያምናል፣ ማታ ማታ መብራት እያበራ ይጽፋል። ያጣው ሌላ ነገር ነው። ሰው ፊት ተነሥቶ ድምፁን የሚያሰማበትን ልብ ነው ያጣው። ዲስከሬጅ የሚለው ግሥ የሚናገረው ይህንን ነው።

ከየት እንደመጣ እንይ። ቃሉ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው። ፈረንሳዮቹ ድፍረትን «ኩራዥ» ይላሉ፤ የኩራዥ ሥር ደግሞ የላቲኑ «ኮር» ነው፣ ልብ ማለት። ከፊቱ የተቀጠለው «ዲስ» መንሣትን፣ መግፈፍን ያመለክታል። ተቀጣጥሎ ሲፈታ «ልብ ነሣ» ይሆናል። ተስፋ በቃሉ ውስጥ የትም የለም። ተስፋ መቁረጥ የራሱ ግሥ አለው፤ «ዲስፔር» ይሉታል፣ «ተስፋ አደረገ» ከሚለው ከላቲኑ «ስፔራሬ» የመጣ። ሁለቱ ግሦች በድምፅ ቢቀራረቡም የሥር ዝምድና የላቸውም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዞቹ ልብን በራሳቸው ቃል «ሃርት» ብለው «ዲስሃርተን» የሚል ወንድም ለዲስከሬጅ ጨመሩለት። ሼክስፒር ስለ ንጉሥ ሄንሪ አምስተኛ በጻፈው ተውኔት ይገኛል። ንጉሡ በ1415 እ.ኤ.አ. ከተደረገው የአዥንኩር ጦርነት በፊት በነበረችው ሌሊት ማንነቱን ደብቆ በወታደሮቹ መካከል ይዘዋወራል፤ ግሡ የሚመጣው የንጉሥ ፍርሃት ከታየ የሠራዊቱ ልብ ምን ይሆናል የሚለው ወግ ሲነሣ ነው። «ዶንት» የሚባልም አለ፤ አንድ ነገር በግዝፈቱ ሲያስፈራን የምንጠቀምበት ነው፤ ሥሩ እንስሳ መግራትን የሚናገር የላቲን ግሥ ነው። «ዲሞራላይዝ» ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲመጣ ግብረ ገብን ማበላሸት ማለት ነበር፤ «የሠራዊት ሞራል» የምንለውን ትርጉም የያዘው ቆይቶ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ ልመለስ፤ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ እዚህ ያለው ነው። በአማርኛም ልብ የድፍረት ቤት ነው። «ልብ ካለህ ና!» እንላለን። በራሱ የሚተማመነውን «ልበ ሙሉ» እንለዋለን፤ «በራስ መተማመን» የሚለው ረጅም ሐረግ ሳይለመድ በፊት የነበረ፣ አሁንም ያለ፣ ከእሱ የሚያምር ቃል ነው። ልብ በአማርኛ ግን ሌላ ሸክምም አለበት፤ ማስተዋልንም የተሸከመው እሱ ነው። «ልብ በል»፣ «ልብ ገዛ»፣ «ልበ ቢስ» ስንል ስለ ድፍረት አናወራም። ስለዚህ «ልብ አጣ» ብንል ሰሚው ድፍረት አጣ ይሁን አእምሮ አጣ ይቸገራል። ቋንቋችን ለዚህ የራሱን ዘዴ አበጅቷል። ልብን ከቦታው ሳያነሣ ያደክመዋል፤ ልቡ ራደ፣ ልቡ ዛለ ይላል።

መዛል ምን እንደሆነ ውኃ የተሸከመ ሰው ያውቀዋል። ጀሪካን ይዞ ረጅም መንገድ የሄደ ክንድ ይዝላል። ክንዱ አልተቆረጠም፣ አልተሰበረም፤ ጉልበት ከድቶታል እንጂ ያው የራሱ ክንድ ነው። ጀሪካኑ ሲወርድለት፣ ትንሽ ሲያርፍ ይመለሳል። ተስፋ ግን በአማርኛ አይዝልም፣ ይቆረጣል። የተቆረጠውን ገመድ እንደገና መቋጠር ሌላ ሥራ ነው። ምን ዓይነት ጉዳት እንደደረሰ የሚነግረን ግሡ ራሱ ነው፤ ሕክምናውንም ጭምር።

ይህን ልዩነት ከእኔ በፊት በሚገባ የተረዱ ተርጓሚዎች ነበሩ። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 3 ቁጥር 21 ላይ አባቶችን ስለ ልጆቻቸው የሚመክርበት ቦታ አለ። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ላይ የተጠቀመው ይህንኑ ዲስከሬጅ የሚለውን ግሥ ነው። የግሪኩ ቃል ሥር «ቱሞስ» ነው፣ ወኔም ንዴትም የሚባለው የውስጥ እሳት፤ ጳውሎስ ያ እሳት ከልጆቹ እንዳይጠፋ ነው የሚፈራው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ምን አለ? ተስፋ መቁረጥ አላለም። መዛልን ነው የመረጠው፣ የልጆችን ልብ መዛል። ያን ምርጫ ያደረገውን ሰው አላውቀውም፤ ልጅ ያሳደገ ሰው ይመስለኛል።

ሌላ ቦታም አለ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው። ሙሴ ከነዓንን እንዲሰልሉ 12 ሰዎች ላከ። ለ40 ቀን ዞረው መጡ። የወይን ዘለላ በመሎጊያ አድርገው ለሁለት ተሸክመው ነው የመጡት። አገሪቱ ፍሬያማ እንደሆነች አንዳቸውም አልካዱም። ፍሬዋን ይዘዋላ! አሥሩ ያሉት፣ የአገሩን ግዙፍ ሰዎች አየን፣ በገዛ ዓይናችን ራሳችንን እንደ አንበጣ ቆጠርን ነው። ይህ ወሬ በሕዝቡ ላይ ያደረገውን ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 1 መልሶ ሲተርክ፣ ዕብራይስጡ ልብ «ቀለጠ» ይላል፣ የ1611ዱ እንግሊዝኛ ዲስከሬጅ ይላል። የቀሩት ሁለቱ፣ ካሌብና ኢያሱ፣ ያዩት አገር ያው ነው፣ ያዩአቸው ሰዎችም እነዚያው ናቸው። የተለያዩት በራሳቸው ግምት ላይ ነው።

የዘመኑ የሥነ ልቦና ትምህርት ወደዚህ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው የካናዳ ተወላጁ አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ግምቶችን ለያየ። አንደኛው «ይህ ሥራ ቢሠራ ውጤት ያመጣል» የሚል ነው። ሁለተኛው «እኔ ይህን ሥራ መሥራት እችላለሁ» የሚል ነው። የመጀመሪያውን እያመነ ሁለተኛውን ያጣ ሰው አለ። የእኔ ተማሪ እንደዚያ ነበር። እንግሊዝኛ በንባብ እንደሚሻሻል ያምናል፤ ራሱ ግን ክፍል ውስጥ ተነሥቶ ማንበብ እንደሚችል አያምንም። ባንዱራ ለዚህ እምነት አራት ምንጮችን ዘርዝሯል፤ ከሁሉ ብርቱው ሰው ራሱ ሞክሮ የተሳካለት ሥራ ነው። ሌሎቹ እንደ እሱ ያለ ሰው ሲሳካለት ማየት፣ የሌሎች የማበረታቻ ቃል፣ እንዲሁም የልብ ትርታንና የእጅ ላብን የመሰለው የገዛ ሰውነት ምልክት ናቸው። ቃል ብቻውን የጸና እምነት ከመገንባት ይልቅ ማፍረስ እንደሚቀለውም ጽፏል። ሁለት ቃል፣ «ቁጭ በል»፣ ምን እንደሚያፈርስ እኔ አይቻለሁ።

ዲስከሬጅ የሚለውን ቃል መዋሳችን አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ በእሱ የተነሣ የምንረሳቸው የራሳችን ግሦች ናቸው። ሰው ፊት ተዋርዶ የሚያንሰው ተሸማቀቀ፣ ኩምሽሽ አለ። ለመናገር ወይም ለመራመድ የሚያመነታው ፈራ ተባ አለ። በአደጋ ፊት ጉልበት የከዳው ሐሞቱ ፈሰሰ። የሚወደው ሰው ወይም ያመነው ቦታ የጎዳው ቅስሙ ተሰበረ። ለፍልሚያ የተነሣ ሆኖ ከመንገድ የተመለሰው ወኔው ተሰለበ። እነዚህ አንድ ዓይነት አይደሉም። የተሸማቀቀውን ልጅ የሚፈውሰው ነገር ቅስሙ የተሰበረውን አይፈውሰውም። የተሸማቀቀ ልጅ ሳቁ እንዲቆምለት ይፈልጋል። ቅስሙ የተሰበረ ደግሞ የሰበረው ሰው መጥቶ ይቅርታ እንዲለው ይፈልጋል። ሐሞቱ የፈሰሰው ከጎኑ የሚቆም ሰው ይበቃው ይሆናል። ሁሉንም «ዲስከሬጅ ሆነ» ብለን መጥራታችን፣ አንድ ሐኪም ቤት ውስጥ ያለውን በሽተኛ ሁሉ «አሞታል» ብሎ መዝገብ ላይ እንደመጻፍ ነው።

ስለ እንግሊዝኛው አጠቃቀም ጥቂት ልበል፤ በዚህ አዳራሽ ያሉ ተማሪዎች ይጠቅማቸዋል። «ኢንከሬጅ» ከሚለው ከተቃራኒው በኋላ «ቱ» ይመጣል፤ እንዲሄድ አበረታታው ለማለት። ብዙዎቻችን በዚያው ልማድ ከዲስከሬጅም በኋላ «ቱ» እንጨምራለን። ይህ ስሕተት ነው፤ «ፍሮም» ይመጣና ቀጣዩ ግሥ «ኢንግ» ይጨመርበታል። «ዲስከሬጅድ» የሚባለው ልቡ የዛለው ሰው ነው፤ «ዲስከሬጂንግ» የሚባለው ልብ የሚያዝለው ነገር ነው። ልጅ «አይ አም ዲስከሬጂንግ» ብሎ ሲጽፍ ራሱን ሌላውን የሚያዳክም ሰው አድርጎ እየመሰከረ ነው፤ ስታርሙለት ይህን ንገሩት።

ከዚህ ውጭ ስሜት የሌለበት ሌላ አጠቃቀም አለ። መንግሥት በሲጋራ ላይ ታክስ ሲጥል ማጨስን ዲስከሬጅ ያደርጋል ይባላል። መሥሪያ ቤት አንድን ነገር ማድረግ «ኢዝ ዲስከሬጅድ» ብሎ ሲለጥፍ የማንም ልብ አልዛለም፤ «አይበረታታም» ማለቱ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በሆነ አገር የምትሠሩ ወገኖች ይህን ልብ በሉ፤ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ቢሆንም ብዙ ጊዜ «አታድርጉት» ለማለት የቀረበ ነው። ይህን «ተስፋ ይቆርጣል» ብሎ መተርጎም ፈጽሞ አያስኬድም። ስለዚህ ግሡ በምትተረጉሙበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ ጠይቁ፤ ልብ ነው የዛለው ወይስ ድርጊት ነው ያልተደገፈው?

እንግሊዝኛ የሌለው አንድ ሀብት ደግሞ አለን። «አይዞህ» የምንለው። ለሴት አይዞሽ፣ ለብዙ አይዟችሁ እያልን እናረባዋለን፤ ተናጋሪው ራሱን ጨምሮ አይዞን የሚልበትም ጊዜ አለ። በእንግሊዝኛ እንደ ቦታው አራት አምስት ሐረግ ይፈልጋል። አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ማራቶን ደራርቱ ቱሉ ከፊት እየሮጠች ሳለ እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ሕመም ተሰምቷት ወደ ኋላ መቅረት ጀመረች። ደራርቱ ዞር ብላ እንድትከተላት አበረታታቻት። ተፎካካሪዋ ናት! ፓውላ አራተኛ ሆና ጨረሰች፤ ደራርቱ በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ አንደኛ ወጣች። በየትኛው ቋንቋ እንደተናገረቻት አላውቅም፤ ያደረገችው ግን አይዞሽ ማለት ነው።

አይዞህ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ይህንን ያስተማሩኝ አንድ አንጋፋ መምህር ናቸው። የዚያን ልጅ ደብተር ይዤ መምህራን ማረፊያ ገባሁና አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ ይህን ልጅ ተስፋ ቆርጧል ብዬ ነበር» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው የመጨረሻውን ገጽ ለረጅም ጊዜ አዩት። «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ካንተ በላይ እየሠራ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ጠርቼ አይዞህ ልበለው?»

«አይዞህማ ትለዋለህ። ግን መጀመሪያ የሚችለውን ስጠው። ችሎ ሲያየው፣ ያን ጊዜ አይዞህ ስትለው ያምንሃል።»

በሻይ እረፍት ጠራሁት። የሚቀጥለውን ሳምንት አንቀጽ አስቀድሜ ሰጠሁትና ሦስት ቀን እኔና እሱ ብቻ ሆነን አነበብነው። የመጀመሪያ ቀን ድምፁ አይሰማም ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ ቦታ ተሳሳተና እኔ ሳልናገር ተመልሶ አቀናው። በተባለው ቀን ክፍል ውስጥ አስነሣሁት፤ ከመነሣቱ በፊት «ማንም የሚስቅ የለም» አልኩ፤ መስከረም ላይ ልለው ይገባኝ የነበረውን። አራት መስመር አነበበ። እጆቹ መጽሐፉን አጥብቀው ስለያዙት ጫፉ ተጨማድዶ ነበር። ሲጨርስ «አመሰግናለሁ» አልኩትና ወደሚቀጥለው ሄድኩ፣ እንደማንኛውም ተማሪ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት አንድ ጥያቄ ጠይቄ ክፍሉን ስቃኝ፣ ክርኑ ከዴስኩ ሳይነሣ አንድ ጣቱ ብቻ ወጥታ አየሁ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ዝም ብሎ ሲቀመጥ «ተስፋ ቆርጠሃል» ከማለታችሁ በፊት ደብተሩን እዩለት። መምህራን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ መዝገበ ቃላታችሁን ክፈቱና ከዚያ ግሥ ጎን በእርሳስ «ልብ አዛለ» ብላችሁ ጨምሩበት። ነገ ጠዋት ደግሞ ክፍላችሁ ውስጥ መስከረም ላይ እጁን እያወጣ አሁን የማያወጣ ልጅ ካለ፣ በሻይ እረፍት ጥሩት።